ከኋላ ማን ቀረ? የሞተረኞች የበረሃ ጉዞና የሙሳፊር አደብ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ማኅበር መሥርተው በቡድን በረሃ ስለሚያቋርጡበት ጉዞ እንነጋገራለን። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው የሚያውቀው የጉናን ብርድና የቆላውን ገደል ነው፤ አሸዋ አገሩ አይደለም። ስለዚህ «ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ያገባናል የምንለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሞተር ዛሬ ለገጠር ወረዳዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ወጣቶቻችን ሌሎች አገሮች ውስጥ የሚደረገውን የበረሃ ጉዞ በቪዲዮ ያያሉ፤ «በዲናችን እንዴት ይታያል? ሰላቱስ እንዴት ይሆናል?» ብለውም ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይከብዳል። በረሃ የሚያቋርጡት ባለ ሞተሮች ብቻ አይደሉም። ከየቤታችን የወጡ ልጆችም በእግራቸው ያቋርጡታል። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትልቁ ልዩነት የገንዘብ አይደለም። ልዩነቱ ከኋላ የሚቀረውን ሰው የሚያይ መኖሩና አለመኖሩ ነው። የዛሬው ትምህርታችንም በዚህ ላይ ያተኩራል ኢንሻአላህ።

ሞተረኞች በረሃውን እንዴት ያቋርጡታል?

በዓለም ሞተረኞች ዘንድ ከታወቁት ረጃጅም ጉዞዎች አንዱ ከግብጽ ተነስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው ነው። የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ከመፈንዳቱ በፊት ብዙዎቹ ተጓዦች ከግብጽ ተነስተው ዋዲ ሃልፋ ይደርሱ ነበር። ከዚያም የኑብያን በረሃ አቋርጠው በካርቱምና በገዳሪፍ አድርገው በመተማ ወደ ጎንደር ይገቡ ነበር። ስለዚህ ያ የበረሃ መንገድ መጨረሻው የእኛው ጎረቤት ነበር ማለት ነው።

በዚህ አቅጣጫ ከተጓዙት መካከል ሁለቱ የብሪታንያ ተዋንያን ኢዋን ማክግሪጎርና ቻርሊ ቦርማን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነስተው ሊቢያን፣ ግብጽን፣ ሱዳንንና ኢትዮጵያን አቋርጠው በኦገስት ወር ደቡብ አፍሪካ ደርሰዋል። ብቻቸውን አልነበሩም። ሦስተኛ ሞተረኛ የካሜራ ባለሙያ አብሯቸው ነበር፤ ዕቃ ጭነው የሚከተሏቸው መኪናዎችም ነበሩ። ገንዘብም ዝናም ያላቸው ሰዎች ሆነው ሳለ በረሃውን ለብቻ ለመግባት አልደፈሩም።

ልምድ ያላቸው የሞተር ማኅበራት ሕጋቸው በየአገሩ ይመሳሰላል። ከፊት መንገድ የሚያውቅ መሪ ይሄዳል። ከሁሉ ኋላ ደግሞ ብርቱና የጥገና ሙያ ያለው ሰው ይደረጋል፤ እርሱ ማንንም አያልፍም። ሞተር የተበላሸበት፣ የወደቀ ወይም የደከመ ሰው ሲያጋጥመው አብሮት ይቆማል። በመሐል ያለው እያንዳንዱ ሞተረኛ በስፖኪዮው ከኋላው ያለውን ሰው የማየት ኃላፊነት አለበት። ከኋላው ያለው ከጠፋበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልመጣ ይቆማል። እርሱ ሲቆም ከፊቱ ያለውም ያጣውና ይቆማል፤ እንዲህ እያለ መልእክቱ ያለ ስልክ መሪው ዘንድ ይደርሳል። መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ አንድ ሰው ቆሞ የኋለኛው እስኪደርስ አቅጣጫ ያሳያል።

የጉዞው ልክም በጠንካራው አይወሰንም። ነዳጅ የሚቀዳበት ርቀት የሚሰላው ትንሽ ነዳጅ በሚይዘው ሞተር ነው። ፍጥነቱም የሚወሰነው ልምዱ አነስተኛ በሆነው ሰው ነው። ጎበዙ «እኔ እችላለሁ» ብሎ ቢፈተለክ ቡድኑን ይበትናል፤ ምናልባትም ደካማው ከአቅሙ በላይ ሲከተለው ሕይወቱን ያጣል።

በረሃው በሰው ላይ ምን ያደርጋል?

አገራችን በምድር ላይ ካሉት እጅግ ሞቃት ቦታዎች አንዱ አላት። የአፋሩ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ሌሊቱም ክረምቱም አንድ ላይ ተደምሮ የተገኘ አማካይ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ከዚህ በብዙ ያልፋል።

ሞተረኛ በበረሃ የሚታለለው በነፋሱ ነው። ላቡ ወጥቶ ወዲያው ስለሚደርቅ የሚያልበው አይመስለውም። አየሩ ከሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ከ37 ዲግሪ ገደማ፣ ካለፈ ደግሞ ነፋሱ ማቀዝቀዙ ቀርቶ ማሞቅ ይጀምራል። ስለዚህ ልብስ አውልቆ መንዳት ሰውነትን ያደርቃል እንጂ አያሳርፍም። አዋቂዎቹ ተሸፋፍነው፣ ገና ሲነጋ ተነስተው፣ ቀትር ላይ ጥላ ፈልገው ያርፋሉ። ውኃ የሚጠጡትም ጥም እስኪሰማቸው ጠብቀው አይደለም። በእንዲህ ያለ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን ከአምስት ሊትር በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ሽንት ሲጠቁር፣ ራስ ሲያዞር፣ ንግግር ሲምታታ አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰውየው «ደህና ነኝ» ቢልም አይታመንም። ሁኔታውን የሚያውቅለት ባልደረባው ነው።

አሸዋውም የራሱ ጠባይ አለው። ጠባብና ጠንካራ ጎማ ይሰምጣል፤ ስለዚህ የጎማው አየር ይቀነሳል። ነጂው አተያዩን ወደ ሩቅ አድርጎ ሳይደናገጥ ይነዳል። የፊት ፍሬን በድንገት የያዘ ይወድቃል። መንገድ የጠፋበት ሰው ደግሞ ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ፈላጊ የሚያገኘው በታወቀበት መንገድ ላይ ከቆየ ነውና።

ሦስት ከሆናችሁ አሚር ይኑራችሁ

ወደ ዲናችን እንመለስ። ለትምህርት፣ ለዝየራ፣ ለንግድ ወይም የአላህን ፍጥረት ለማየት መጓዝ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። በሱረቱል ዐንከቡት አንቀጽ 20 በምድር ላይ ተጉዘን የፍጥረትን አጀማመር እንድንመለከት ተነግሮናል። በሌላ በኩል በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 195 ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት ከመጣል ተከልክለናል። የበረሃ ጉዞ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመዘናል። በዝግጅትና በሥርዓት ከሆነ ከመጀመሪያው ነው፤ ለታይታና ለውድድር ሲባል ነፍስን አሲይዞ ከሆነ ግን ወደ ሁለተኛው ይገባል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብቻን መጓዝን ጠልተዋል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲሥ ለብቻው ወይም ለሁለት የሚጓዝን አጥብቀው ነቅፈው፣ ሦስት ሲሆኑ ግን ቅፍለት እንደሚባሉ ገልጸዋል። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ ብቻን መሄድ ያለውን አደጋ ሰዎች እርሳቸው በሚያውቁት መጠን ቢያውቁት ኖሮ ማንም በሌሊት ለብቻው እንደማይጓዝ አስገንዝበዋል። ሦስት ሆነው የወጡም ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አዘዋል፤ ይህንንም አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ይህ ሥርዓት ለአገራችን ሙስሊም አዲስ አይደለም። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው እስከ ጎንደር ድረስ የሚመጣው በቅፍለት ነበር። በበጌምድር ደሪጣን በመሳሰሉ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደሮች የኖሩ አባቶቻችን ሲራራ ሲወጡ ተጠራርተው፣ ተጠባብቀው በአንድ አለቃ ሥር ይጓዙ ነበር። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግም መነሻው የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው።

አሚር ማለት ከፊት የሚፎክር ማለት አይደለም። ይመክራል፣ ያማክራል፣ ሲወስን ደግሞ ይታዘዙታል። የማያውቀውን መንገድ ለሚያውቅ ይተዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ዐብዱላህ ኢብን ዑረይቂጥን መንገድ መሪ አድርገው ቀጥረዋል። ሰውየው ያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም፤ ነገር ግን በረሃውን ያውቅ ነበር፣ ታማኝም ነበር። በአላህ መመካት የአዋቂን ምክር ከመፈለግ እንደማያግድ ከዚህ እንማራለን። ዛሬም አፋርን የአፋር ተወላጅ ሳይዝ ሊያቋርጥ የሚነሳ ሰው ተወኩል አለኝ ቢል ተሳስቷል።

ከኋላ የሚሄዱት ነቢይ

ውድ አድማጮች፣ የሞተር ማኅበራቱ ብርቱውን ሰው ከኋላ እንደሚያደርጉ ተናግረናል። ጃቢር ኢብን ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና አቡ ዳውድ የዘገቡትን ስሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። ደካማውን ከኋላ ሆነው ያበረታቱ፣ መጓጓዣ የሌለውን ከኋላቸው ያፈናጥጡ፣ ዱዓም ያደርጉላቸው ነበር። የሠራዊቱ አለቃ፣ የአላህ መልእክተኛ ሆነው ሳለ የመረጡት ቦታ የደካማው ቦታ ነበር።

ይህንን ጃቢር በራሳቸው አይተውታል። ከዘመቻ ሲመለሱ ግመላቸው ደክሞ ወደ ኋላ ቀሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መጡባቸውና ግመሉን ቀስቅሰው ዱዓ ቢያደርጉለት ከሌሎቹ ቀድሞ መሄድ ጀመረ። መንገድ ላይ ግመሉን በዋጋ ገዟቸው፤ መዲና ሲደርሱ ግን ዋጋውንም ግመሉንም ሰጧቸው። በበድር ጉዞም ግመል በማነሱ ለሦስት ለሦስት ሲፈራረቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዐሊይና ከአቡ ሉባባ ጋር ተራቸውን በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታሪክም እዚህ ላይ ብዙ ያስተምረናል። ከበኒ ሙስጦሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ የጠፋባቸውን የአንገት ጌጥ ለመፈለግ ዘወር ባሉበት፣ ተሸካሚዎቹ ውስጥ ያሉ መስሏቸው ሆውደጁን ግመሉ ላይ ጫኑና ሠራዊቱ ሄደ። እናታችን ተመልሰው ሰው ቢያጡ ወዲያና ወዲህ አልሮጡም። «ሲያጡኝ ተመልሰው ይመጣሉ» ብለው አስበው በቦታቸው ቆዩ። ከሠራዊቱ ኋላ ይመጡ የነበሩት ሰፍዋን ኢብን አል-ሙዐጥጢል (ረ.ዐ) አገኟቸው። ግመላቸውን አንበርክከው አስቀመጧቸው፤ እርሳቸው እየመሩም ከሠራዊቱ ቀላቀሏቸው። ከዚያ በኋላ ሙናፊቆች ያወሩትን ውሸት አላህ በሱረቱ ኑር አጋልጦታል። እኛ ለዛሬ የምንይዘው ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ የጠፋ ሰው በቦታው ይቆይ። ሁለት፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው ይኑር።

በሌላ ጊዜም እንዲሁ የእናታችን ጌጥ ጠፍቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውኃ በሌለበት ምድረ በዳ ለፍለጋው ቆሙ፤ ሰዉም ሁሉ አብሯቸው ቆመ። አቡበክር (ረ.ዐ) ሰዉን ያለ ውኃ አስቆምሽ ብለው ልጃቸውን ወቀሱ። ነገር ግን በዚያው አጋጣሚ የተየሙም አንቀጽ ወረደ። ጠዋት ግመሉ ሲነሳ ጌጡ ከሥሩ ተገኘ። ስለ አንዲት ሴት ጌጥ ሠራዊት ከቆመ፣ ስለ አንድ ሰው ነፍስ አለመቆም እንዴት ይሆናል?

ይህንን ሙስሊም ያልሆኑትም በተፈጥሯቸው ያውቁታል። ዳካር የሚባለው የበረሃ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነስቶ የተጀመረ ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ በሳዑዲ ዐረቢያ ይካሄዳል። በ2020ው ውድድር ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬሽ ወድቆ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ያሸነፈው አውስትራሊያዊ ቶቢ ፕራይስ ውድድሩን ትቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር። በደንቡም ለእርዳታ የቆመ ሰው ያጠፋው ጊዜ ይመለስለታል። ለመቅደም በሚሮጥበት ቦታ እንኳ የወደቀን አልፎ መሄድ ክብር አይደለም።

ሰላት፣ ውኃና ጫማ

ለተጓዥ አላህ አቅልሎለታል። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 101 መሠረት ባለ አራት ረከዓ ሰላቶች ወደ ሁለት ያጥራሉ፤ ሱብሒና መግሪብ ግን አይቀነሱም። ርቀቱን አብዛኞቹ ዑለማዎች ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ መሰብሰብ በሻፊዒይና በሌሎችም ዘንድ ለሙሳፊር ይፈቀዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ ውጪ ሁለቱን በአንዱ ወቅት መሰብሰብ የለም። ስለዚህ ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት ይህንን ተመካክሮ ቢስማማ መንገድ ላይ ክርክር አይነሳም። ፈርድ ሰላት ሞተር ላይ ተቀምጦ አይሰገድም፤ ወርዶ፣ ቂብላ ለይቶ ይሰገዳል። በረመዷን የሚጓዝ ማፍጠር ተፈቅዶለታል፤ በሌላ ጊዜ ቀዷ ያወጣል። በእንዲያ ያለ ሙቀት ጾሙ የሚጎዳው ከሆነ ማፍጠሩ ይሻለዋል።

የሞተረኛ ቡት ጫማ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ከሆነና በውዱእ ላይ ካደረገው፣ ሙሳፊር እስከ ሦስት ቀንና ሌሊት ሳያወልቅ ከላዩ ሊያብስ ይችላል። ውኃ ሲጠፋ ደግሞ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 6 እንደተደነገገው በንጹህ አፈር ተየሙም ያደርጋል።

አሁን ልብ በሉ። ውኃ እያለም ተየሙም የሚደረግበት ጊዜ አለ። ያለው ውኃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፉቀሃዎች ለጥም እንዲቀመጥ ይላሉ። ለራስ ጥም ብቻ አይደለም፤ ለባልደረባ፣ ለእንስሳም ጭምር። የሰላትን ያህል ትልቅ ዒባዳ በአፈር ታብሶ ይፈጸማል፤ ውኃው ግን ለተጠማው ይቆያል። በበረሃ የአንድ ሰው ጀሪካን የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥም ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው፣ ትርፍ ስንቅ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ ታዟል።

ቅፍለት ያልሆነው ቅፍለት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዞ እንምጣ። ከሰሜን ወሎና ከደቡብ ጎንደር ደጋና ቆላ የሚነሱ ወጣቶች በባቲና በሚሌ አድርገው አፋርን ያቋርጣሉ። ከድንበር ወዲያ የጅቡቲን ምድረ በዳ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅ አካባቢ በእግር አልፈው በታጁራ በኩል ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ጀልባው ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ዳርቻ ሰጥመው በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በመተማ በኩል ወደ ሊቢያ የሚዘልቀውም ከዚህ የቀለለ አይደለም።

ደላላው ለቤተሰብ ሲያወራ «በቡድን ነው የሚሄዱት፣ መሪ አላቸው» ይላል። ቁጥራቸው እውነት ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ ቅፍለት ነውን? እስካሁን በተናገርነው እንመዝነው። መሪው የተጓዦቹ አሚር አይደለም፤ ገንዘቡን የተቀበለው ሌላ ሰው ነው። ፍጥነቱ የሚለካው በደካማው አይደለም፤ በጨለማ ማለፍ ባለበት ሰው ነው። ውኃው አልተቆጠረም። እግሩ ያበጠ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲቀመጥ ሰልፉ ይቀጥላል። ሰፍዋን የለም። ቤተሰብም ልጁ የት እንደ ቀረ የሚሰማው ከወራት በኋላ፣ ያውም ከሰማ ነው። ባለ ብዙ ሺህ ብር ሞተር፣ መኪና የተሞላ ውኃና አዋቂ መሪ ያላቸው ሰዎች ፈርተው የሚገቡበትን በረሃ፣ የእኛ ልጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃና በሸራ ጫማ ይገባበታል።

ይህንን የምንለው ችግሩን ሳናውቅ አይደለም። በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላ ዝናብ ሲያጥር ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ ፍለጋ መውጣትም ሐራም አይደለም። ነገር ግን ወላጅ ሊጠይቅ ይገባል፤ ልጅም ለወላጁ ሳይናገር በሌሊት ሊወጣ አይገባም። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። አሚራችሁ ማን ነው? ስሙንና ቤተሰቡን እናውቀዋለን? ስንት ቀን በእግር ነው? ውኃው በሰው ስንት ነው? አንዱ ቢታመም ማን አብሮት ይቆማል? ደላላው ለመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ልጃችሁን የሚረከበው ቅፍለት አይደለም፤ በሱረቱል በቀራ የተከለከልነው ጥፋት ነው።

በሞተር ለመጓዝ የምታስቡ ወጣቶችም እንዲሁ። ዕዳችሁን ክፈሉ፣ አደራ መልሱ፣ ወላጆቻችሁን አስፈቅዱ፣ ኑዛዜያችሁን ጻፉ። ሞተሩ ላይ ስትወጡ በሱረቱ ዙኽሩፍ አንቀጽ 13 እና 14 የተማርነውን የመሳፈሪያ ዱዓ አትርሱ። ሄልሜት አድርጉ። ገበያ ለመድረስም ቢሆን፣ በመካነ ኢየሱስም ሆነ በንፋስ መውጫ መንገድ፣ አብሯችሁ የወጣው ጓደኛ ከስፖኪዮው ሲጠፋ ቁሙ።

አላህ (ሱ.ወ) በየበረሃው ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ለጠፉት መመለሻውን፣ ለሞቱት ምሕረቱን፣ ለሚጠብቁ እናቶች ሶብሩን ይስጥልን። ከኋላ የቀረን ከማይረሱት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።